ከካርዱ ውጭ

ሲስተር የሥነ አእምሮ ነርስ ናት። አስራ አንድ ዓመት ሆስፒታል ከሠራች በኋላ በሁለት ዓመት ውል ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተላከች። ትምህርት ቤቱ አዲስ ዘርፍ ከፍቶ ነበር። የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን በአእምሮ ጤና ረዳትነት ይሠለጥናሉ። ሰውን እንዴት እንደሚያዳምጡ፣ የድባቴና የጭንቀት ምልክትን እንዴት እንደሚለዩ፣ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ደግሞ ማንን እንደሚጠሩ ይማራሉ። ያለፈ ተማሪ ጤና ጣቢያ ገብቶ በረዳትነት ይጀምራል፤ የወደደው ኮሌጅ ሄዶ ይገፋበታል።

ሃያ ሦስት ተማሪዎች ተመዘገቡ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ልጆቻችንን ከእብድ ጋር ልታውሉብን ነው?» አሉ። ሲስተር ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማ አስረዳች። አራት ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ፤ አስራ ዘጠኝ ቀሩ።

የተሰጣት ክፍል ከእንጨት ሥራ ወርክሾፑ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ዝምታን ስለ መታገሥ ማስተማር በጀመረችበት ቀን መጋዙ ከግድግዳው ወዲያ አጓራ። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ሲስተር ጠመኔዋን አስቀምጣ ወጣችና የወርክሾፑን በር አንኳኳች።

የከፈተላት ሰው አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ሰጋቱራ ያረፈበት አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ «ውሃልክ» ይሉታል። መደርደሪያም ይሁን ወንበር፣ ዝንፍ አለማለቱን በውሃ ልክ ሳያረጋግጥ ከእጁ አያስወጣም።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ መጋዝ የሚያርፍበት ሰዓት የለም?»

«እርስዎ የሚፈልጉት ከስንት እስከ ስንት ነው?»

«ከስምንት እስከ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ልጆቹ በእጅ ያለሰልሳሉ» አለ። «ማለስለስ ድምፅ የለውም።»

ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሲስተር በመንገዷ ላይ ያሰናዳችው ክርክር ሁሉ ሳይነካ ቀረ። ወደ ክፍሏ ስትመለስ ደስ ያላት ይሁን ያፈረች መለየት አቃታት።

ሥልጠናው የልምምድ ታካሚ ይፈልጋል። ካርድ ላይ የተጻፈ ታሪክ ወስዶ ተማሪ ፊት የሚቀመጥ፣ የታመመ ሰው ሆኖ የሚናገር ትልቅ ሰው ማለት ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሁለት ሰው ልከው ነበር። አንደኛዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስትሆን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ሁለተኛው የስፖርት አስተማሪ እጁን እያወናጨፈ እንደ ቲያትር ጮኸ። ሦስተኛው ሳይላክ የመጣው ውሃልክ ነበር። «ማክሰኞና ሐሙስ ክፍት ነኝ፤ ከጠቀምኩ» አለ።

ጠቀመ። አያጋንንም። ካርዱን አንዴ ያነባል፣ ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ይጀምራል። ልጆቹ እሱ ሲቀመጥ ደብተራቸውን ይዘጋሉ።

ከልምምዱ በኋላ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው የሚመልሱት ሁለቱ ነበሩ። አስራ ዘጠኝ ወንበር መደርደር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እነሱ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩበት ነበር። ስለ ልጆቹ ያወራሉ። ማን በጣም ይቸኩላል፣ ማን ሰው ሲያለቅስ አብሮ ያለቅሳል፣ ማን ጎበዝ ይወጣዋል። በማይገናኙባቸው ቀናት ማስታወሻ በበሯ ሥር ያሳልፋል። «ሲስተር፣ ትናንት ያ ረጅሙ ልጅ ደህና ሰምቶኛል፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው።» ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። እሷም ትመልሳለች። «መምህር፣ ነግሬዋለሁ፤ ጆሮው ቀላ።»

ወረቀቶቹን ለምን እንደምታስቀምጣቸው ራሷን ጠይቃ አታውቅም። አንድ ማክሰኞ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ሲስተር ወንበሮቹን ብቻዋን በአራት ደቂቃ ደርድራ ጨረሰች፤ ቀሪውን ሃያ ስድስት ደቂቃ ምን እንደምታደርገው ግራ ገባት።

የዓመቱ መጨረሻ የተግባር ፈተና ደረሰ። ምስክር ወረቀቱን ከሚሰጠው ቢሮ ፈታኝ መጣ፤ ሲስተር ሁለተኛ ገምጋሚ ሆና ከጎኑ ተቀመጠች። ፊታቸው ሃያ ነጥብ ያለው ቅጽ አለ። በክፍሉ መሃል ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ሰባተኛዋ ተፈታኝ ጓደኞቿ «ጥያቄ» የሚሏት የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ጥያቄዋ ሳይመለስ ሁለተኛውን ትወረውራለች። ሲስተር ዓመቱን ሙሉ «ጠይቂ፣ ከዚያ ጠብቂ» ስትላት ከርማለች። እናቷ ልጃቸውን ከማስወጣት ለጥቂት የተመለሱ ነበሩ፤ «ከወደቅሽ በዚያው ይበቃሻል» ብለዋታል።

ካርዱ ላይ ያለው ታሪክ ሥራ ስላጣና እንቅልፍ ስለማይወስደው የአርባ ዓመት ሰው ነበር። ውሃልክ አነበበው፣ ተቀመጠ።

«ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለች ልጅቷ። ከዚያም ጠበቀች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ዓይኑን እያየች ጠበቀች።

ውሃልክ ካርዱን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ደህና ነኝ ልልሽ ነበር» አለ። «ከስምንት ዓመት በፊት ሌላ ከተማ ነበርኩ። እዚያ አምስት ወር ሆስፒታል ተኝቻለሁ። የአእምሮ ሆስፒታል።»

ፈታኙ የሰማውን ታሪክ ከፊቱ ባለው የካርዱ ቅጂ ላይ ፈለገው፤ አላገኘውም።

«ያኔ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ነበር?» አለች ልጅቷ፣ እንደተማረችው ድምፅዋን ሳትቀንስ።

«አስቤ ነበር።»

«አሁንስ፣ በእነዚህ ቀናት?»

«አላስብም። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፤ እሠራለሁ፤ እተኛለሁም። አንድ ነገር ብቻ ከብዶኛል።»

«ይንገሩኝ፤ እየሰማሁዎት ነው።»

«አንዲት ሴት አለች። ዓመቱን ሙሉ አብረን ወንበር ስንደረድር ከረምን። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ዛሬ እነግራታለሁ ስል ወንበሩ ያልቃል።»

የሲስተር እስክሪብቶ ሰባተኛው ነጥብ ላይ ቆመ።

«ለምን አል...» ብላ ጀመረች ልጅቷ፤ ያልተፈቀደ ቃል መሆኑ ትዝ ብሏት አቋረጠችው። ለምን የተባለ ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል ተብላ ተምራለች። «ቢነግሯት ምን ይመጣል ብለው ነው የሚፈሩት?»

«ሥራዋ ነው። እንደ እኔ ያለውን ሰው የምታውቀው በፋይል ነው። ከነገርኳት በኋላ ዝም ብል፣ ከፋው ሳይሆን አመመው ትላለች። ብስቅም ሳቄን ትመረምራለች። ሰው ሆኜ ገብቼ ፋይል ሆኜ እንዳልወጣ እፈራለሁ።»

ልጅቷ ምክር አልሰጠችውም። «ይህን ለብቻዎ ይዘው መቆየትዎ ከባድ ነበር» አለችና እንደገና ጠበቀች። ፈታኙ ሰዓቱ አበቃ አለ።

ውሃልክ ሲነሣ ወደ ገምጋሚዎቹ ጠረጴዛ ተመለከተ። ሲስተር ቅጹ ላይ አጎንብሳለች። ለሁለት የተከፈለውን ፀጉሯን ብቻ አየ። ያንን እያየ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ወጣ፤ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ልብሱን አውልቀው ያቆሙት ያህል በረደው።

ፈታኙ እስክሪብቶውን ዘጋ። «ሰውየው ከካርዱ ወጥቷል። ተፈታኟ ልትመልሰው ይገባት ነበር። ተከትላው ነጎደች። ይሄ ማለፊያ አያገኝም።» ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረ። «ፈጥሮ ከሆነ ማለቴ ነው። የራሱ እውነት ከሆነ ግን ልጅቷ እውነተኛ ሰው ተቀብላለች፤ በደንብም ተቀብላለች። እርስዎ ያውቁታል። የትኛው ነው?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ነገር ግን የተጠየቀችው ስለ ሰው ሕመም ነው፤ ሰውየው ለፈታኙ እንድትነግርለት አልፈቀደላትም። ልጅቷ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ውጤቷን ትጠብቃለች።

«አላውቅም» አለች ሲስተር።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ትክክል መሆኑንም፣ አስቀያሚ መሆኑንም አወቀች።

ልጅቷ በሩ ላይ ሆና ሰምታው ነበር። ግቢው ውስጥ ውሃልክን ስታገኘው እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ክፍሏን ስትከፍት ወረቀት ወለሉ ላይ አገኘች። እንደ ወትሮው ማስታወሻ አልነበረም፤ ሁለት ገጽ ነው።

«ሲስተር፣ እስከ ዛሬ እርስዎ እያልኩ ነው የጻፍኩልሽ። ዛሬ አንቺ እላለሁ፤ ከዚህ በኋላ ላልጽፍልሽ እችላለሁና።

ትናንት ያልኩት በሙሉ የእኔ ነው። በዚህ መንገድ ልነግርሽ አስቤ አልገባሁም። ልጅቷ እንዴት ነዎት ብላ ስትጠብቀኝ የምሯን ልትሰማኝ እንደተዘጋጀች አየሁና ውሸት አቃተኝ። በደንብ አስተምረሻታል። ዳፋው ለእኔ ተረፈ።

አላውቅም ማለትሽ ደርሶኛል። አልተቀየምኩም። ከእኔ ጋር ስምሽ እንዳይነሣ ብትፈልጊ ማንም አይፈርድብሽም። ልጅቷ ግን በእኔ ጦስ መውደቅ የለባትም። ዛሬ ለፈታኙ እውነቱን በጽሑፍ እሰጣለሁ።

እህቴ ያለችበት ከተማ የእንጨት ሥራ አስተማሪ የሚፈልግ ትምህርት ቤት አለ። ማመልከቻ ልኬያለሁ። ወንበሮቹን ልጆቹ እንዲመልሱልሽ ነግሬያቸዋለሁ።»

ከሥር «ውሃልክ» ብሎ ፈርሟል። ልጆቹ እንደዚያ እንደሚሉት የማያውቅ ይመስላቸው ነበር።

ሲስተር የመጀመሪያውን ገጽ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን አራት ጊዜ አነበበች። «አንቺ» የሚለው ቃል ላይ በደረሰች ቁጥር ፊቷ ይሞቃል። ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ቃል ለመሰናበቻ በመምጣቱ ተናደደች፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልታወቃትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ሄደች። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ወሬ ሲያገናኙ ስለኖሩ፣ የልጃቸውን ድምፅ ከበር ላይ ሰምተው ምን እንደሆነች ያውቃሉ።

«ያ እንጨት ሠሪ ነው?» አሉ፣ መጋረጃ እየሰፉ።

«አስተማሪ ነው፣ እማዬ።»

«እሺ፣ አስተማሪ። አንቺን በዲግሪ ያስመረቅሁት ለእሱ አልነበረም። ግን ሰው ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ምን አደረገሽ?»

እሱ ራሱ ዛሬ በጽሑፍ ሊያወጣው መሆኑን አስባ ሲስተር ነገረቻቸው። እናቷ መቀሱን አስቀመጡ።

«አይሆንም» አሉ።

«አሁን ደህና ነው። ስምንት ዓመት...»

«አባትሽም ደህና የነበረበት ዓመት አለ።» ድምፃቸው አልጨመረም። «ያቺን ዘግቶ የሚተኛባትን በር ስንት ዓመት እንዳንኳኳሁ ታውቂያለሽ?»

«አስራ ስድስት።»

«አስራ ስድስት። ሳህን በር ላይ አስቀምጬ፣ ማታ መጥቼ ሳይነካ አነሣለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ወገቡን ነው ያመመው እላለሁ። አንቺ ደግሞ በጣትሽ ጫፍ መሄድ የተማርሽው ከመሮጥ በፊት ነው።»

«እማዬ፣ ሥራዬ እኮ ይሄው ነው።»

«ሥራሽን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዘግተሽው ትመጫለሽ። ባል ግን የሚኖረው ቤት ነው።»

 ሲስተር ለአስራ ዘጠኝ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ስንቱን ጥያቄ መልሳለች፤ ይሄኛው ግን ከእሷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያደገ ነው። ሙያውን ለምን እንደመረጠች በየማመልከቻው ስትጠየቅ ስለ አባቷ ጽፋ አታውቅም። ስፌቱ ቀጠለ። እናትና ልጅ እርስ በርስ ሳይቀያየሙ፣ ሁለቱም ተሸንፈው ተቀመጡ።

የውሃልክ ጽሑፍ ለፈታኙ ደረሰ። ፈታኙ ውጤቱን ለወጠ፤ ጥያቄም በማዳመጥ ከክፍሉ አንደኛ ሆና አለፈች። ነገሩ ግን ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ አስተማሪዎች ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ውሃልክን ጠርተው «ወላጆች ቢሰሙስ?» አሉት። «ቢሰሙ ይጠይቁኝ፤ እመልሳለሁ» አለ። ሁለት መምህራን ከእሱ ጋር ሻይ መጠጣት ተዉ። የሒሳብ አስተማሪው ደግሞ ስንት ዓመት ሰላምታ ብቻ ሲሰጠው ኖሮ፣ ስለ ታናሽ ወንድሙ ሊያማክረው ወርክሾፑ ድረስ መጣ።

ሲስተር በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ጽፋ ሦስቱንም ቀደደች። የመጀመሪያው የሙያ ሥነ ምግባር ማብራሪያ መሰለባት። ሁለተኛው ይቅርታ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፤ ጥሩነቱ ግን ልክ ሪፖርት እንደምትጽፈው ነበር። ዓርብ አስር ሰዓት ላይ ጽሕፈቱን ትታ በእግሯ ሄደች።

የወርክሾፑ በር ገርበብ ብሏል። ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ የእናቷን ድምፅ ሰማች።

እናቷ እግሩ የሚነቃነቅ በርጩማ ይዘው መጥተው ነበር። በርጩማው መነቃነቅ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ይጠገን ያለ ሰው አልነበረም። ውሃልክ እግሩን በሙጫ ሲያጣብቅ እሳቸው ከፊቱ ተቀምጠው ይጠይቁታል።

«ሲያምህ መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። እንቅልፌ ይሄዳል። ያኔ አውቃለሁ።»

«ካወቅህ በኋላስ?»

«ለእህቴ እደውላለሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ እላታለሁ። ከዚያ ሐኪሜ ዘንድ እሄዳለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆኗል።»

«ትላታለህ? እሷ ሳትጠይቅህ?»

«ሳትጠይቀኝ።»

«በአፍህ?»

«በአፌ።»

እናቷ የበርጩማውን ሌላኛውን እግር ይዘው ደገፉለት።

«ባለቤቴ» አሉ እናቷ፣ «አስራ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር አሞኛል ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን ቢለኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ምን እንደማደርግለት ባላውቅም አብሬው እቀመጥ ነበር።» ከወንበሩ ተነሡ። «በል ልጄ፣ ሙጫው ይድረቅ። ሌላ ቀን እወስደዋለሁ።»

ሲወጡ ልጃቸውን በሩ ላይ አገኟት። አልደነገጡም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ግቢ፣ እኔ ታክሲ እይዛለሁ» ብለው አለፏት። ጥቂት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። «አይሆንም ያልኩት ፈርቼ ነው እንጂ ከልክዬ አይደለም» አሉ፤ ይህን ያሉት ለማን እንደሆነ ሳይገልጹ ሄዱ።

ሲስተር ገባች። ውሃልክ ቆመ።

«ስንቱን ሰማሽ?»

«የሚበቃኝን።» እናቷ በተነሡበት ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ቆማ ቀጠለች። «አላውቅም ያልኩት ታሪኩ የአንተ ስለሆነ ነው። አንተ ሳትፈቅድ እኔ ልናገረው አልችልም። ልጆቹን የማስተምረው ይሄንን ነው።»

«እንደዚያ አልታየኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ያፈርሽብኝ መስሎኝ...»

«ቆይ። ይሄ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው። ፈታኙ ባይጠይቀኝም ኖሮ ቀና ብዬ አላይህም ነበር።»

«የትኛው ግማሽ ይበልጣል?»

«ያን ቀን ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እፈራለሁ። ግን አስራ አንድ ዓመት ፋይል ስይዝ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ያን ቀን ተንቀጠቀጠ፤ ከጠረጴዛው ሥር ደበቅሁት።» እጇን ዘረጋችለት። «ማመልከቻህን መልሰህ ውሰድ።»

ውሃልክ እጁን በሽርጡ ሁለቴ ጠረገ፤ ሙጫው ባይለቅም ያዛት።

«እህቴ ክፍል አጽድታ ጨርሳለች» አለ። «ትገድለኛለች።»

«ደውልላት። በአፍህ።»

ሳቀ። ሲስተር ሳቁን አልመረመረችውም። ከዚያ በሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡና፣ ለማንም ተናግራ የማታውቀውን አንድ በአንድ ነገረችው። የተዘጋውን በር፣ ያልተነካውን ሳህን፣ ለጎረቤት የሚነገረውን የወገብ ሕመም፣ በጣት ጫፍ የተሄደበትን ልጅነት። የአባቷን ሕመም ድባቴ ብላ በስሙ ጠራችው፤ በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው ቃል ነበር፣ በአባቷ ላይ አድርጋው ግን አታውቅም። ውሃልክ እጇን እንደያዘ ነበር።

ሁሌም አባቷን ስታስብ የሚቀድማት ፍርሃት ነበር። ያን ቀን ተናግራ ስትጨርስ ጠበቀችው፤ አልመጣም። በእሱ ቦታ ሌላ ነገር መጣ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። አባቷ ከሞተ አስራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቃት።